ትንፋሹ እንዲሰማ ማይክ ልጨምር ወይስ ሙዚቃውን ልቀንስ?

ባዶ_እግር

ሰላም ለቤቱ። ኮሪዮግራፈር ነኝ። ድምፅ ላይ ያለኝ እውቀት ስፒከር ከማብራትና ከማጥፋት ስለማያልፍ አትሳቁብኝ።

ለስድስት ዳንሰኞች የ25 ደቂቃ ኮንቴምፖራሪ ሥራ እያዘጋጀሁ ነው። ልምምድ ክፍል ውስጥ ልቤን የሚይዘው ሙዚቃው አይደለም፤ የልጆቹ ትንፋሽ ነው። ስድስቱም ከቆሙበት እኩል ወደ መሬት ሲወርዱ "ህፍፍ" የሚል ነገር ይሰማል። ከዚያ መዳፍ ወለሉን ጠፍ ያደርጋል። ከዚያ ተረከዝ ይንሸራተታል። ሥራውን የሠራሁት በእነዚህ ሦስት ድምፆች ላይ ነው ማለት ይቻላል።

መድረክ ላይ ስንወጣ ሁሉም ድራሹ ጠፋ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቁጭ ብዬ ሙዚቃውን ብቻ ሰማሁ። ልጆቹ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን ውስጥ ያሉ መሰሉኝ።

ይበልጥ የከነከነኝ ለምን መሰላችሁ? በቅርቡ አንድ ሙዚቃዊ ቲያትር ላይ የዳንስ ረዳት ሆኜ ሠርቼ ነበር። እዚያ ሹክሹክታ ሳይቀር መጨረሻ ወንበር ድረስ ይደርሳል። እዚያ የተቻለው እኛ ጋ ለምን አቃተ? ስድስት ሽቦ አልባ ማይክ ተከራይቼ ልለጥፍባቸው እያሰብኩ ነው። ምን ትላላችሁ?

ፌደር_ላይ

እህቴ፣ ገንዘብሽን ያዢ።

የምሠራው ሙዚቃዊ ቲያትር ላይ ነው፣ ሚክሰር ጀርባ። እዚያ ሹክሹክታ የሚሰማው ማይኩ ልዩ ስለሆነ አይደለም። አንድ ሰው ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ጣቱን ከፌደር፣ ሚክሰሩ ላይ ድምፅ ከፍና ዝቅ ከሚያደርገው ተንሸራታች ቁልፍ፣ ስለማያነሳ ነው። ሃያ ተዋናይ ሃያ ማይክ አድርጎ ቢቆምም በአንድ ቅጽበት የሚከፈተው የሚናገረው ሰው ማይክ ብቻ ነው። ሲጨርስ ይዘጋል፤ የሚመልስለት ይከፈታል። እንዲህ መስመር በመስመር እስከ መጨረሻው። ጽሑፉን በቃሌ ካልያዝኩ አለቀልኝ።

ለምን ይሄ ሁሉ ልፋት? ማይክ የስፒከሩን ድምፅ መልሶ ሲሰማ ያፏጫል። ክፍት ማይክ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ያ ፉጨት ሳይመጣ ልታወጪው የምትችይው ድምፅ 3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ይቀንሳል። ሁለት ማይክ ከሆነ 3፣ አራት ከሆነ 6፣ ስምንት ከሆነ 9። በዚያ ላይ የአንዱ ድምፅ በሌላው ማይክ ትንሽ ዘግይቶ ይገባል። ሁለቱ ሲደባለቁ ሰውየው ቱቦ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። ፍቅረኛሞቹ መድረክ ላይ ሲተቃቀፉ እኔ ምን እንደማደርግ ታውቂያለሽ? የአንዳቸውን ማይክ እዘጋለሁ። ሁለቱም በአንድ ግንባር ነው የሚዘፍኑት። ተመልካቹ እንባውን ይጠርጋል፤ እኔ የትኛውን ቀድሜ እንደምከፍት አስባለሁ።

ማይኳ ራሷ ከክብሪት ጭንቅላት ብዙም አትበልጥም። ግንባር ጫፍ ላይ፣ ፀጉር መነሻው ላይ ወይም ዊግ ሥር ነው የምትደበቀው። ማሠራጫዋ ግን የካርታ መጫወቻ እሽግ ታክላለች። ወገብ ላይ ትታሰራለች። ላብ እንዳይገድላት ኮንዶም ውስጥ እንከታታለን። አዎ፣ ኮንዶም፣ ቅባት የሌለበት። የግዢ ጥያቄውን ስሞላ ሒሳብ ክፍል ያለው ሰው ምን እንደሚያስብ እሱ ይወቀው።

አሁን ያችን ማሠራጫ ወለል ላይ የሚንከባለል ዳንሰኛ ጀርባ ላይ አስቢያት።

አምስት_ስድስት

ማሰብ ብቻ? ኖሬበታለሁ እኮ! ሃሃሃ።

ዳንሰኛ ነኝ። አንድ ሥራ ላይ ይችኑ ዕቃ አስረውልኝ ነበር። በጀርባዬ ስንከባለል አከርካሪዬ ላይ ድንጋይ የተቀመጠ ይመስለኛል። ይባስ ብሎ ሦስተኛው ክፍል ላይ ስገለበጥ ማብሪያውን ራሴ ተጭኜ አጠፋሁት። ከዚያ ወዲያ ያወጣሁትን ድምፅ የሰማ ፈጣሪ ብቻ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፣ ባዶ_እግር። ልጆችሽ የሚለማመዱት በትንሽ ስፒከር ነው አይደል? ትንሽ ስፒከር ቤዝ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ የለውም። ስለዚህ ሳናውቀው ቆጠራችንን (ከአንድ እስከ ስምንት እየቆጠርን ነው የምንደንሰው) የምንሰቅለው ከላይ ባለው ጭክ ጭክ ላይ ነው። ቲያትር ቤት ስንገባ ሰብዉፈሩ፣ ቤዝ ብቻ የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር፣ ይከፈትና ጉድ ይፈላል። እኔ ላይ የደረሰው እንዲህ ነው። ስምንት ላይ ነበር የምወርደው። ሰባት ላይ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀው ቤዝ "ቡም" አለ። ሰውነቴ አላማከረኝም፤ ወረደ። አራት ሰዎች ቆመው፣ እኔ ብቻዬን መሬት ላይ። የዚያች የአንዷ ቆጠራ ርዝመት! ሻይ አፍልቼ የምጠጣበት ጊዜ ነበረኝ።

ምክሬ፦ ሙዚቃውን በትልቁ ስፒከር አስቀድመው ይስሙት። ለትርኢቱ ቀን አታቆዪው።

ተመልካች_ነኝ

የሙያው ሰው አይደለሁም፤ ወንበር ላይ የምቀመጥ ነኝ። አትቆጡኝና፣ ትንፋሹ ለምን ይሰማል? ደክሟቸዋል ብለን እንድናዝንላቸው ነው? ሙዚቃዊ ቲያትር ስሄድ እኔን የሚያስደስተኝ ድካሙ አለመታየቱ ነው። ሰውየው ዘሎ፣ ተሽከርክሮ፣ ምንም ሳያለከልክ ረጅም ኖታ ይይዛል። አስማቱ እሱ አይደል እንዴ?

ፌደር_ላይ

ያ አስማት ግማሹ የኔ ነው፣ ወንድሜ። ዘሎ ሲያበቃ ማለክለኩን የምዘጋው እኔ ነኝ። መስመሩን ሊጀምር ሲል ከመጀመሪያው ቃል በፊት ያለችውን አንዲት ትንፋሽ ብቻ አስገባለሁ። እሷ ከሌለች ሰው አይመስልም። ከበዛች ደግሞ ሩጫ የጨረሰ ይመስላል።

የድሮ_ሪል

ልጆች፣ እኔ በሪል ቴፕ ዘመን የጀመርኩ ነኝ። ክሩን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ይሄ ጭቅጭቅ የቆየ ነው።

እ.ኤ.አ. ሜይ 29 ቀን 1913 ፓሪስ ውስጥ የሙዚቃ ደራሲው የስትራቪንስኪ «የጸደይ ሥርዓት» የተባለው ባሌት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ተመልካቹ ከመጮሁ የተነሳ ዳንሰኞቹ ኦርኬስትራውን መስማት ተሳናቸው። ኮሪዮግራፈሩ ኒጂንስኪ መጋረጃ ጎን ወንበር ላይ ቆሞ ቆጠራውን ይጮህላቸው ጀመር። በሩሲያኛ። የሩሲያኛ ቁጥር ደግሞ ከአሥር ካለፈ ረጅም ነው፤ "አሥራ ሰባት" ተብሎ ሳያልቅ ምቱ ሄዷል። እንግዲህ ኮሪዮግራፈር ስለ ድምፅ መጨነቅ የጀመረው አንቺ ዘንድ አይደለም፣ ባዶ_እግር።

በኋላ አሜሪካውያኑ ኮሪዮግራፈሩ መርስ ከኒንግሃምና የሙዚቃ ደራሲው ጆን ኬጅ መጡና ችግሩን ከሥሩ ነቀሉት። ዳንሱና ሙዚቃው የሚጋሩት ርዝመታቸውን ብቻ ይሁን አሉ። ዳንሰኞቹ በስቶፕዎች ይለማመዳሉ። ሙዚቃውን ብዙ ጊዜ የሚሰሙት በመጀመሪያው ትርኢት ምሽት ነው። ድምፁ ቢያብድ፣ ቢጮህ፣ ዝም ቢል እነሱን አይመለከትም። በ1965 ደግሞ ገልብጠው ሠሩት፦ መድረኩ ላይ አንቴናዎችና ብርሃን የሚለዩ መሣሪያዎች ተከሉ። ዳንሰኛው ሲጠጋቸው ወይም በመካከላቸው ሲያልፍ ድምፁ ይቀየራል። ዳንሰኛውን ሙዚቃው አላንቀሳቀሰውም፤ እሱ ነው ሙዚቃውን የሚነካካው።

እኔ ግን እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ የማይወጣው የጀርመናዊቷ ኮሪዮግራፈር የፒና ባውሽ የ1977 ሥራ ነው፣ የባርቶክን የብሉቢርድ ኦፔራ ይዛ የሠራችው። ኦርኬስትራ የለም። መድረኩ ላይ ጎማ ባለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ቴፕ ተቀምጧል። ሰውየው ያጫውተዋል፣ ያቆመዋል፣ መልሶ ያጠነጥነዋል፣ ያችኑ ቁራጭ እንደገና ያጫውታታል። እንደገና። እንደገና። ሴቲቱም ያንኑ እንቅስቃሴ ደግማ ትሠራለች። የቴፑ ቁልፍ "ቀጭ" ስትል የማን እጅ እንደሆነች ታውቃላችሁ። እኛ ዕድሜ ልካችንን ያን "ቀጭ" ተመልካች እንዳይሰማው ስንደብቅ ኖረን፣ እሷ ዋና ተዋናይ አደረገችው።

ተመልካች_ነኝ ላልከው፣ ጥያቄህ የሚናቅ አይደለም ልጄ። የቤልጂየማዊቷን ኮሪዮግራፈር የአን ቴሬሳ ደ ኬርስማከርን የ1983 «ሮሳስ ዳንስት ሮሳስ» ፈልገህ እይ። አራት ሴቶች ወለል ላይ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ሙዚቃ የለም። ይተኛሉ፣ ይገለበጣሉ፣ ክንዳቸው ወለሉን ይመታል፣ ይተነፍሳሉ። ያ ትንፋሽ እንድታዝንላቸው አይደለም። አንድ ላይ የሚያቆያቸው እሱ ነው። ትንሽ ካየህ በኋላ አንተም ከመገልበጣቸው በፊት ሊገለበጡ መሆኑን ታውቃለህ፤ በጆሮህ ስለቀደምካቸው።

ባዶ_እግር

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። "በጆሮህ ስለቀደምካቸው" ያሉትን ልምምድ ክፍሉ ግድግዳ ላይ እጽፈዋለሁ። ልነግራቸው እየፈለግሁ ቃል ያጣሁለት ነገር ይሄ ነበር።

ፒያኖ_ከጉድጓድ

ሁላችሁም ስለ ማይክ ታወራላችሁ። እኔ የምጫወተው መድረኩ ሥር ያለው የኦርኬስትራ ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ የተዋናይ ጫማ እያየሁ። ከዚያ ሆኜ ሳየው ጥያቄው ሌላ ነው፦ ማን ማንን ይጠብቃል?

ሙዚቃዊ ቲያትር ውስጥ ቫምፕ የምንለው አለ። ሁለት ወይም አራት ባር፣ ማለትም አጭር የሙዚቃ ቁራጭ ነው፤ ተዋናዩ ንግግሩን እስኪጨርስ እየደጋገምን እንጫወተዋለን። ኖታው "ድገም" ይላል እንጂ ስንት ጊዜ እንደሆነ አይልም። አንድ ምሽት ተመልካቹ ቀልዱን ይወደዋል፤ ሳቁ እስኪበርድ ስድስት ጊዜ እንዞራለን። በማግስቱ አንድ ሰው አይስቅም፤ አንዴ ዞረን እናልፋለን። ተዋናዩ ቃል ቢጠፋው እንኳ እስኪያገኘው እናዞርለታለን፤ ታች ሆነን ላብ በላብ። ድምፁ ሰውን ይጠብቃል።

ዘፈኑ ሲያልቅ ደግሞ አንዲት አጭር "ድም" አለች፤ በተን ይሏታል። ሥራዋ ተመልካቹን "አሁን አጨብጭብ" ማለት ነው። ዳንሰኛው ክንዱን ወደ ላይ የሚወረውረው ልክ እሷ ላይ ነው። አንድ ጊዜ እኛ ዘገየንባትና የሰውየው ክንድ አየር ላይ ቀረ። ታክሲ የሚጠራ ነበር የሚመስለው።

ባዶ_እግር፣ አንቺ ግን የተቀዳ ትራክ ነው የምትጠቀሚው። ትራክ ማንንም አይጠብቅም። እስኪ ንገሪኝ፣ ስድስቱ ልጆች አየር ስበው በሚወርዱበት ቅጽበት ሙዚቃው ውስጥ ክፍተት አለ? ከሌለ አሥር ማይክ ብትተክይም ትንፋሹ የሚገባበት በር የለውም።

ባዶ_እግር

የለም። ሙሉ 25 ደቂቃውን አንድ ረጅም ድምፅ ከሥር ይሄዳል። ከላይ ደግሞ "ሽሽሽ" የሚል የማያቋርጥ ነገር አለ፤ አቀናባሪው ዝናብ ነው ይለኛል። ወድጄው ነው የተቀበልኩት። አሁን ሆዴ ቁርጥ አለ።

ፌደር_ላይ

ተያዘ! ሌባው ዝናቡ ነው።

ትንፋሽ ራሱ "ሽሽሽ" ነው እኮ። ሲምባልና ዝናብ ያሉበት የድምፅ ክልል ውስጥ ነው የሚኖረው። ሁለት ተመሳሳይ ድምፆች ሲገናኙ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ይውጠዋል። ትንፋሹን ከፍ ከማድረግሽ በፊት ዝናቡን አስወጪው። በሙሉ አይደለም፤ በሚወርዱባቸው ቦታዎች ብቻ።

ፒያኖ_ከጉድጓድ፣ ትራክ አይጠብቅም ያልከው ግን ድሮ ቀረ። ኪውላብ የሚባለው ፕሮግራም ላይ ሙዚቃውን ቆራርጬ አንዱን ቁራጭ እንዲዞር አደርገዋለሁ። ዲቫምፕ የሚል ትእዛዝ ሁሉ አለው። ዳንሰኛዋ ስትደርስ ቁልፉን እጫናለሁ፤ ዙሩን ይጨርስና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ተመልካች ልዩነቱን አያውቅም።

ፒያኖ_ከጉድጓድ

ተመልካች አያውቅም፣ ዳንሰኛ ግን ታውቃለች። አንተ ቁልፍ ስትጫን ዙሩ እስኪያልቅ ነው የሚጠበቀው። እኔ ትከሻዋን አይቼ በመሃል እገባላታለሁ። ደግሞ አንድ ቀን ሥራዬን የሚወስደው ይሄው ቁልፍህ ስለሆነ በደስታ አላወራለትም።

ተመልካች_ነኝ

ሙዚቃው የተቀዳ ከሆነ ግን ሙዚቃዊ ቲያትር ይባላል ወይ?

የድሮ_ሪል

ብሮድዌይም፣ የኒውዮርኩ የቲያትር ሠፈር፣ ተጣልቶበታል። «ኮንታክት» የሚባል በዳንስ የሚተረክ ሥራ ነበር። ሙዚቃው የተቀዳ፣ ተዋናዮቹ የማይዘፍኑበት። እ.ኤ.አ. በ2000 ቶኒ የተባለውን የአሜሪካ ቲያትር ሽልማት በምርጥ ሙዚቃዊ ቲያትር ዘርፍ ወሰደ። ሙዚቀኞቹ ጦር ሊያዘምቱ ደረሱ። መልሱን እንግዲህ ከጉድጓዱ ውስጥ ላለው ወንድማችን ትቻለሁ።

ፒያኖ_ከጉድጓድ

ጋሼ ቁስሌን ባይነኩት።

ፌደር_ላይ

ቁስል ካነሳን የኛም ይነሳ። ቶኒ ለድምፅ ዲዛይን ሽልማት መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በ2014 አቆመው። የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ኤብ ጄከብ የሮክ ኮንሰርት ድምፅ ሲሠራ ቆይቶ በ1971 ወደ ብሮድዌይ «ጂሰስ ክራይስት ሱፐርስታር» ከገባ ስንት ዘመኑ! ይሁን። ወደ ዳንሳችን።

በወለሉ_እሰማለሁ

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ አሁን ግን ልግባ። መስማት የተሳነኝ ነኝ። ዳንስ ግን እወዳለሁ፣ እሠራለሁም።

እናንተ ድምፅ ስትሉ ጆሮን ብቻ ነው የምታስቡት። ለኔ ቤዝ በእግሬ ይገባል፣ በደረቴ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2015 ዴፍ ዌስት የተባለው ቡድን «ስፕሪንግ አዌክኒንግ»ን ብሮድዌይ ላይ ሲያሳይ መስማት የተሳናቸው ተዋናዮች በምልክት ቋንቋ ይዘፍኑ ነበር፤ የሚሰሙት ደግሞ ድምፅ ይሆኗቸዋል። መቼ እንደሚጀምሩ የሚያውቁት በብርሃን፣ ጓደኛቸው ሲነካቸው፣ በሌላው ሰው እንቅስቃሴ ነው። በዓይን የሚሰማ ቫምፕ በሉት።

ባዶ_እግር፣ ስድስት ሰው እኩል ሲወርድ እኔ መጀመሪያ የማውቀው በወለሉ ነው። ተመልካቹ ግን የተቀመጠው ሌላ ወለል ላይ ነው፤ አይደርሰውም። ያንን መንቀጥቀጥ ወንበሩ ሥር ብታደርሺለትስ?

ባዶ_እግር

ይሄ አላሰብኩትም። በፍጹም። ፌደር_ላይ፣ ይቻላል?

ፌደር_ላይ

ይቻላል። እንዲያውም ቅናት ይዞኛል፣ ምክንያቱም ሐሳቡ የኔ መሆን ነበረበት።

እንዲህ አድርጊ። ፒዬዞ የሚባል የሚለጠፍ ማይክ አለ፤ ሳንቲም ያህል ጠፍጣፋ ነው። አየር ላይ ያለውን ድምፅ አይሰማም፣ የተለጠፈበትን ዕቃ መንቀጥቀጥ ነው የሚሰማው። ሁለት ገዝተሽ ከመድረኩ እንጨት ሥር ለጥፊ፤ ከላይ የዳንስ ምንጣፉ ስላለ ምንጣፉ ላይ አይደለም። ከእሱ ከሚመጣው ድምፅ ቀጭኑን ቆርጠሽ ቤዙን ብቻ ወደ አንድ ሰብዉፈር ላኪ። ሰብዉፈሩ ከተመልካቹ ወንበር ሥር ይሁን እንጂ መድረኩን እንዳይነካ። ከነካ ወለሉ ራሱን እየሰማ ማጓራት ይጀምራል፤ ያኔ ሩጪና አጥፊ።

ለትንፋሹ ደግሞ መድረኩ ፊት ጠርዝ ላይ ሁለት ጠፍጣፋ የወለል ማይክ። ታፕ ዳንስ ያለበት ሥራ ላይ እኛም እንጠቀማቸዋለን። ስፒከሮችሽ ከማይኮቹ ፊት ይሁኑ፣ ወደ ተመልካች እያዩ። ርቀት ላይ ቀልድ የለም፦ ማይክና አፍ መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ 6 ዴሲቤል ይጨምራል። ስለዚህ ዋናው የመውረጃ ቦታ ወደ ፊት ቢመጣ ከየትኛውም ውድ ማይክ ይሻልሻል። ኮሪዮግራፊውን አንድ ሜትር ማንቀሳቀስ ነጻ ነው።

የመጨረሻ፦ ትንፋሹ ከግድግዳ ስፒከር የሚመጣ ከመሰለ ሁሉም ነገር ተበላሸ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ አንድ ሜትር ወደ 3 ሚሊ ሰከንድ ነው። ዳንሰኞቹ ከስፒከሩ 7 ሜትር ወደ ኋላ ከሆኑ ስፒከሩን ቢያንስ በ20 ሚሊ ሰከንድ አዘግዪው። ጆሮ ቀድሞ የደረሰውን ነው የሚያምነው። ሄልሙት ሃስ የተባለ ጀርመናዊ በ1949 ያሳየው ነው። የልጅቷ ትክክለኛ ትንፋሽ በአየር ይቀድማል፣ ስፒከሩ ይከተላል፤ ሰው ስፒከር መኖሩን አያውቅም።

አምስት_ስድስት

እኔ አንድ ቅሬታ አለኝ። ዳንሰኛ ትንፋሹ እንደሚሰማ ካወቀ መተንፈስ መተወን ይጀምራል። "ህፍፍፍ" እያለ ያጋንነዋል። አይቻለሁ፣ ሠርቼዋለሁም። ማይኩ መቼ እንደሚከፈት አትንገሪያቸው።

ባዶ_እግር

አልነግራቸውም። እዚህ ካላነበቡ በቀር።

ባዶ_እግር (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ሰላም። የመጀመሪያው ትርኢት ትናንት ነበር። የሆነውን ልነግራችሁ ተመልሻለሁ።

አቀናባሪው መጀመሪያ አኩርፎኝ ነበር። ዝናቡን አራት ቦታ ላይ አወጣልኝ። አምስተኛው ላይ ራሱ ተነሣሥቶ ሙዚቃውን በሙሉ ለ40 ሰከንድ ዘጋው። ሙዚቃው ሲመለስ አንድ ቁራጭ እየዞረ ልጆቹን ይጠብቃል፤ ቁልፉን የምጫነው እኔ ነኝ። ፒያኖ_ከጉድጓድ፣ ይቅር በለኝ፣ ትከሻቸውን እያየሁ ነው የምጫነው።

ወንበር ሥር ያለው ሰብዉፈር ይገርማል። በልምምድ ላይ ስድስቱ ሲወርዱ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ የነበረ የመብራት ሠራተኛ ብድግ አለ። ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። "አንድ ሰው ወንበሬን ነካው" አለኝ። በወለሉ_እሰማለሁ፣ ይህ ያንተ ነው።

እንግዲህ ወደ ጉዱ። ያቺ የ40 ሰከንድ ዝምታ መጣች። ስድስቱ ቆመዋል። ትንፋሽ ይሰማል፣ እኩል ነው፣ እኔ እንባዬ መጥቷል። በዚያች ቅጽበት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያሉ አንድ አባት ሳሉ። የደረቀ፣ ከሆድ የሚወጣ ሳል። የወለል ማይኮቼ ጠርዝ ላይ ናቸው፣ ወደ ተመልካች ጭምር ይሰማሉ። ሳሉ በአራቱም ስፒከር ወጣ። ከልጆቹ አንዷ ደግሞ የመውረጃ ምልክት መስሏት ወረደች። ወለሉ ተንቀጠቀጠ። የሳሉት ሰውዬ ወንበርም ተንቀጠቀጠ። ሰውየው ደንግጠው ዞር ዞር አሉ።

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? አምስቱ ቆመው ከሷ ጋር መተንፈስ ጀመሩ። እሷን ጠበቋት። ተነሥታ ስትቀላቀል ሙዚቃውን ለቀቅሁት።

የድሮ_ሪል

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል። ዝም ባለ መድረክ ግን ሳል ይገባበታል። ኬጅ በ1952 ፒያኒስቱን አስቀምጦ 4 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ ምንም እንዳይጫወት ያደረገው እኮ ይህንኑ እንድንሰማ ነው። ሰውየውን አመስግኛቸው።

ፌደር_ላይ

ጋሼ ፍልስፍናው ደስ ይላል፤ እኔ ግን ማይኩን ላስተካክል። ባዶ_እግር፣ አቅጣጫ የሚለይ የወለል ማይክ ነው ወይስ ከሁሉም በኩል የሚሰማ? የሚለይ ከሆነ ጀርባውን ለተመልካች ስጪው፤ ከጠርዙም አንድ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አስገቢው። ዳንሰኞቹ እንዳይረግጡት ደግሞ በደንብ በቴፕ አጣብቂው።

ባዶ_እግር

የሚለይ ነው። ተገልብጦ ነበር የተቀመጠው። የኔው ጥፋት ነው፣ ማንም ላይ አላሳብብም። ዛሬ ከሰዓት አዞርኩት፤ ተመልካቹ አሁን አይሰማም።

ችግሩ ልጆቹ ተሰብስበው መጡብኝ። ሳሉ ይመለስልን ይላሉ። የመውረዱን ቦታ አሁን ያለሱ አናገኘውም አሉ።

አምስት_ስድስት

ስንት ላይ ነበር የሳሉት?

ባዶ_እግር

ሰባት ላይ።